አክስቴ ስትመጣ አባዬ ፎቶውን ያወርድ ነበር

ጥያቄ፦

እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ42 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር ነው። በዙሪያችን ብዙ ቤት ቢነሣም የእኛ ቤት እስካሁን አለ፤ እናቴም እዚያው ናት። የዕድራችን ሰው ግን ግማሹ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ተበታትኗል።

አባቴ ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በ68 ዓመቱ አረፈ። ወታደር ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከሰላሌ ወጥቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሰለጠነ፤ ካራማራ ዋለ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ተዛውሮ 1983 ሠራዊቱ እስኪበተን እዚያው ነበር። ማዕረጉ ሃምሳ አለቃ ነው። የማውቀው ይህንኑ ነው፤ እሱም ከዚህ በላይ ተናግሮ አያውቅም።

ሠራዊቱ ሲበተን ሰባት ዓመቴ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማታ በር ተንኳኳ። እናቴ ስትከፍት አባዬ ነው፤ የሰው ጋቢ ደርቦ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቶ፣ የአንዱ እግር ጫማ ተቀዶ አውራ ጣቱ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ፒያሳ ወርቅ ቤቶቹ ጋ ጥበቃ ተቀጥሮ ከሃያ ዓመት በላይ ሌሊቱን ውጭ ሲያድር ኖረ። ጠዋት ሲገባ ከመተኛቱ በፊት የአራታችንንም የትምህርት ቤት ጫማ ደጃፉ ላይ ይደረድርና ይጠርግ ነበር። ጨርቁን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ቀለሙን ነካ እያደረገ፣ ትንፋሹን እፍ እያለበት። ለመስከረም አዲስ ጫማ ሲገዛልን ደግሞ እግራችንን በሲባጎ ይለካል፤ ተረከዙ ላይ አንድ፣ አውራ ጣቱ ላይ አንድ ቋጠሮ ያስርና ሲባጎዎቹን ኪሱ ከቶ ብቻውን መርካቶ ይወርዳል። አንድም ቀን ጠቦን አያውቅም። ከሞተ በኋላ የቆርቆሮ ሳጥኑን ስንከፍት ሪባኑ የደበዘዘ ሜዳልያ፣ የወታደር መታወቂያውና እነዚያ ሲባጎዎች በአንድ ጨርቅ ተጠቅልለው አገኘናቸው።

ጭንቀቴን ልንገርዎ። ከፋሲካ በኋላ ሙት ዓመቱን እናወጣለን። የሕይወት ታሪኩን ጽፌ እንዳነብ ቤተሰቡ እኔን መርጧል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለቀብሩ መምጣት አልቻለም ነበር፤ አሁን ይመጣል። አባዬ በወታደር ልብስ የተነሣውን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ፣ «የካራማራው ጀግና» የሚል ጽሑፍ ደጁ ላይ ሊሰቅል ይፈልጋል። የእናቴ ታላቅ እኅት ይህን ስትሰማ «ያን ልብስ ካወጣችሁት ደጃችሁን አልረግጥም» አለች። የእሷንና የእናቴን ታናሽ ወንድም በ1970 ሌሊት ከቤት ወስደው ገድለውታል። የ19 ዓመት ተማሪ ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት። እናቴ አባዬን ስታገባም ሠርጉ ላይ አልተገኘችም።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ያ ፎቶ ሳሎን ተሰቅሎ ነው የኖረው። አክስቴ ስትመጣ አባዬ ያወርደውና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያቆመዋል፤ ስትሄድ መልሶ ይሰቅለዋል። ለምን ብለን ጠይቀነው አናውቅም።

እናቴን ስጠይቃት «እንደ ወደዳችሁ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሰሜን በነበረባቸው ዓመታት ምን እንዳየና ምን እንዳደረገ ስለማላውቅ «ጀግና» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ይቆማል። ዘልዬ ባልፈውም የከዳሁት ይመስለኛል። ምን ብዬ ልጻፍ? ማንንስ ላስቀይም?

— የሃምሳ አለቃው ልጅ፣ ከፒያሳ

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እያንዳንዱ ጊዜ የቆምኩት እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ «አንድ ነገር ልጨምርልዎ» ብለሽ የጻፍሻት ጋ። አባትሽ ከ1983 ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ እትዬ አክስትሽ በመጡ ቁጥር ከወንበራቸው ተነሥተው ያንን ፎቶ አውርደዋል። ስንት ጊዜ ይሆን? በዓመት አምስትና ስድስት ጊዜ ብቻ ቢመጡ እንኳ ከመቶ ሃምሳ ጊዜ በላይ ይሆናል። የትም ቤት እንደምናየው፣ ፎቶ ለረጅም ዓመት የተሰቀለበት ግድግዳ ምልክት ያወጣል። ዙሪያው በጭስና በፀሐይ ይደበዝዛል፤ ከፎቶው ጀርባ ያለው ቀለም እንደ አዲስ ይቀራል። እትዬ ቡና ሊጠጡ ሲቀመጡ ያቺ ንጹሕ አራት ማዕዘንና ባዶዋ ምስማር ፊት ለፊታቸው ነበሩ ማለት ነው። አላዩም ብለሽ ታስቢያለሽ? እኔ አይመስለኝም። አይተው ዝም ያሉ ይመስለኛል። እነዚያ ሁለት ሰዎች ያለ አንድ ቃል ሲነጋገሩ የኖሩ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምለምንሽ፣ ገና ብዕር ሳታነሺ፣ ለማንም ሳትናገሪ፣ ብቻሽን አክስትሽ ጋ ሂጂ። የታተመ ነገር ይዘሽ እንዳትሄጂ። ስለ ድንኳኑም፣ ስለ ወንድምሽም፣ ስለ ፎቶውም አታንሺ። ስለ አጎትሽ ጠይቂያቸው። ምን ዓይነት ልጅ ነበር? ምን ይወድ ነበር? ያን ሌሊት ምን ለብሶ ነበር? መልስ ባይሰጡሽም ቁጭ በይ። ከዚያ አንድ ጥያቄ አለች፤ እሷን በለሰለሰ ድምፅ ጠይቂ፦ ለእሱስ ድንኳን ተተክሎለት ያውቃል?

ይህን የምልሽ ያን ዘመን የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ስለማውቅ ነው። በቀይ ሽብር ልጁን ያጣ ቤተሰብ ብዙው አስከሬን አላገኘም። ያገኘውም መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ነው። ማልቀስ ክልክል ነበር። ለገደሉበት ጥይት ዋጋ ክፈል የተባለም አለ። አክስትሽ ያሳደጉት ልጅ ሠልስት ይኑረው፣ አርባ ይኑረው፣ ሙት ዓመት ይኑረው አላውቅም። ካልነበረው ግን፣ እሳቸው የሰሙት እንዲህ ነው፦ ለአንዱ ድንኳን ተተክሎ፣ በትልቅ ፎቶ ከነልብሱ «ጀግና» ሊባል ነው፤ ለሌላው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ዛሬም እንባ አልተፈቀደለትም። እንዲህ የሰማ ሰው «ደጃችሁን አልረግጥም» ቢል እኔ አልፈርድበትም። ያን ልብስ የለበሱት አባትሽ ያኔ ኦጋዴን እንደነበሩ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ማንንም ከቤቱ እንዳልወሰዱ አክስትሽ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሰው ግን የቆሰለው በልብሱ ከሆነ ልብሱን ባየ ቁጥር ያመዋል። ይህን ለማስረዳት አትሞክሪ። አባትሽም አልሞከሩም፤ ፎቶውን አወረዱ።

1970ን ላንቺ ትንሽ ማስታወስ እፈልጋለሁ፤ ልጆችሽ ሲጠይቁሽም ይረዳሻልና። በሐምሌ 1969 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 ተያዘች። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የካራማራ ተራራ በጠላት እጅ ገባ ማለት ነው። ታጠቅ ጦር ሰፈር በጥቂት ወር ሥልጠና የወጡት የገበሬ ልጆች፣ ከመደበኛው ሠራዊትና ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆነው ያን ተራራ መልሰው ያዙ፤ ጅጅጋም የካቲት 26 ቀን 1970 ነጻ ወጣች። በዚያው ዓመት፣ በእነዚያው ወራት፣ እዚህ በአራዳና በልደታ፣ በየቀበሌው፣ የአጎትሽ እኩዮች በሌሊት እየተወሰዱ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እየወረወሩ የሰበሩት በዛሬው መስቀል አደባባይ ነው። ከሁለት ወር በኋላ የታጠቅ ሚሊሺያ ሰልፍ ያሳየው እዚያው አደባባይ ላይ ነው። አባትሽም ከሰልፈኞቹ አንዱ ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ አገር፣ አንድ መንግሥት፣ አንድ አደባባይ፣ ሁለት ዕጣ። ዛሬ በዚያ ጦርነት ለወደቁት ከቆመው ከትግላችን ሐውልት ተነሥተሽ ቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም በእግርሽ ብትሄጂ ግማሽ ሰዓት አይፈጅብሽም፤ የእናንተን ሳሎን ላቋርጥ ብትይ ግን ሦስት እርምጃ ነው። ያ ዓመት ሁለቱንም ይዞ እናንተ ቤት ገብቷል።

እናትሽ እዚህ ላይ ነው የሚታዩኝ። «እንደ ወደዳችሁ» የሚለው ቃል ድካም እንጂ ግድ የለሽነት አይመስለኝም። አስቢው፤ ወንድማቸውን የገደለው መንግሥት ወታደር የነበረ ሰው አግብተዋል። ሠርጋቸው ላይ እኅታቸው አልነበሩም። ባላቸው ፎቶ ሲያወርድ እሳቸው ቡና ይቆላሉ። በሁለቱ መካከል አርባ ዓመት ድልድይ ሆነው ኖረዋል፤ አሁን አንዱ ዳር ሲሄድ ልጆቻቸው መጥተው «ወደየትኛው ዳር እንቁም?» ብለው ይጠይቋቸዋል። ይህን ጥያቄ መልሰሽ አትጠይቂያቸው። ይልቅ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያንን የቆርቆሮ ሳጥን አምጥተሽ አብራችሁ ክፈቱት። ሲባጎዎቹን አንድ በአንድ አውጡ። የቱ የማን እንደሆነ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይነግሩሽ ይሆናል። ከሲባጎው ወደ ወንድማቸው፣ ከወንድማቸው ወደ ሠርጉ ወሬው በራሱ መንገድ ይሄዳል። ስልክሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ፣ ፈቅደውልሽ፣ ድምፃቸውን ቅጂ።

ስለ ወንድምሽም ላንሣ፤ እሱ ላይ እንዳትጨክኚ እፈራለሁና። አባቱን አልቀበረም። አፈር አላለበሰም፤ ንፍሮ አልቀመሰም፤ የዕድር ድንኳን ውስጥ ሌሊት ከሰው ጋር አልተቀመጠም። ስልክ ላይ ነው የሰማው፤ ስልክ ላይ ነው ያለቀሰው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ዓመት ቆይቶ ሲመጣ ኀዘኑ በትልቁ መታየት ይፈልጋል። ያ ደጅ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ የእሱ ለቅሶ ነው። ሌላም ነገር አለ። ከ1983 በኋላ የአባትሽ ጓደኞች «የደርግ ወታደር» ተብለው ጡረታ አጥተው፣ አንዳንዱም ክራንች ይዞ መንገድ ዳር ሲለምን ያየ ልጅ ነው። አባቱ ካራማራን መልሶ የያዘ ሰው ሆኖ የሰው ወርቅ ሲጠብቅ ማደሩ ሳይቆጨው አልቀረም። ቁጭቱ ትክክል ነው። ያ ሁሉ ሰው የሞተው ለአገሩ እንጂ ለደርግ አልነበረም። ስለዚህ ደውለሽ «ፎቶው አይሆንም» ከማለትሽ በፊት አዳምጪው። ከዚያ ስለ ምስማሩ ንገሪው። ራቅ ብሎ ስለኖረ ያን ነገር በደንብ ላያስታውሰው ይችላል። «አባዬ ራሱ እትዬ ሲመጡ ያወርደው ነበር፤ በሙት ዓመቱ ቀን እሳቸው ሲገቡ ማን ያውርደው?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን ከእሱ አፍ ስሚ።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ደጅ ላይ የሚሰቀለው ፎቶ የወታደሩ ባይሆን እመርጣለሁ። በሲቪል ልብስ የተነሡት፣ ከልጆቻቸው ጋር ያሉበት አንድ ፎቶ አይጠፋም፤ እሱ ይሰቀል። የወታደሩ ፎቶ ለሰው በሚታደለው ወረቀት ውስጥ ይግባ፤ ሰው በእጁ ይዞ፣ ከታሪኩ ጋር አብሮ ያንብበው። ሜዳልያውም ከሲባጎዎቹ ጋር፣ እሳቸው እንዳስቀመጧቸው፣ በትንሽ ትሪ ላይ ሆኖ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። ይህ ግን የእኔ ሐሳብ ነው። አክስትሽ ጋ ሄደሽ ከሰማሽ በኋላ ሌላ መንገድ ሊታይሽ ይችላል። ማን ያውቃል፣ «ስቀሉት» ይሉም ይሆናል።

አንድ ሌላ ሐሳብ ልጨምር። ለጸሎቱ ለካህናቱ የአባትሽን የክርስትና ስም ትሰጫለሽ። የአጎትሽንም የክርስትና ስም አክስትሽን ጠይቀሽ አብረሽ ስጪ። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ስም። ድንኳኑ የሁለቱም ይሁን። ጸበል ጻዲቁም በሁለቱም ስም ይቀመስ። ይህን ለአክስትሽ ስትነግሪያቸው እንደ መደራደሪያ አታቅርቢው፤ ቢመጡም ባይመጡም እንደምታደርጊው ንገሪያቸው። የአጎትሽ ፎቶ እጃቸው ላይ ካለ ከአባትሽ ጎን ማስቀመጥ ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቂ። እምቢ ቢሉ አትጫኚያቸው።

አሁን ወደ ጽሑፉ። እናቴ ስታርፍ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ ከፊት ቆሜ ነበር። የጻፈልን ሰው ደግ ሰው ነው፤ ቸኩሎ ነው። «ከአባታቸው ከእገሌና ከእናታቸው ከእገሊት በቀድሞው ጠቅላይ ግዛት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የቄስ ትምህርት ተከታተሉ፤ ትዳር መሥርተው የአምስት ልጆች እናት ለመሆን በቁ፤ ሰው ወዳጅ፣ ደግና ርኅሩኅ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…» ይላል። ስሟን ብትቀይሪው ለጎረቤታችንም፣ ለጎረቤታችን እኅትም ይሆናል። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ የምታንጎራጉራት ዜማ ነበረቻት፤ ማንም አላነሣትም። እስካሁን ድረስ ያንገበግበኛል። አንቺ ይህ እንዲደርስብሽ አልፈልግም።

አንቺ ግን አስቀድመሽ ጽፈሽዋል። ለእኔ በላክሽው ደብዳቤ ውስጥ «ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ማታ በር ተንኳኳ» ብለሽ የጀመርሽው አንቀጽ አለ። እሱን አንብቢው። ካስፈለገሽ እንዲህ ልትጀምሪ ትችያለሽ፦ «አባቴ በ1969 ከሰላሌ ተነሥቶ ታጠቅ ሰለጠነ። በየካቲት 1970 ካራማራ ላይ ከነበሩት ወታደሮች አንዱ ነበር። ከዚያ ሠራዊቱ እስኪበተን ድረስ በሰሜን አገለገለ። ስለነዚያ ዓመታት አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። የማውቀው አባቴ የሚጀምረው ቤታችን በገባበት ማታ ነው…» ከዚያ ጫማውን፣ ሲባጎውን፣ የፒያሳን ሌሊት ጻፊ። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ሌሊት ቆሞ አድሮ፣ ጠዋት ገብቶ፣ ሳይተኛ የአራት ልጅ ጫማ ሲጠርግ ቃሉን ለማሳመር መድከም አያስፈልግሽም።

አየሽ፣ እዚያ ውስጥ «ጀግና» የሚል ቃል የለም፤ የተደበቀ ነገርም የለም። ያስጨነቀሽ ነገር ይህ ነው ብዬ ስለማምን ትንሽ ልቆይበት። ሰሜን ላይ የነበረው ጦርነት የአንድ አገር ልጆች የተላለቁበት ነው። አባትሽ እዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተዋል። ምን እንዳዩ፣ ምን እንደታዘዙ፣ ምን አድርገው ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ አናውቅም። ጥበቃ ሥራውን ሲመርጡ ራሱ፣ ሌሊት ቆሞ ማደር ከመተኛት ይቀልላቸው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ይህን ጥያቄ በሰው ፊት ማንበብ አይጠበቅብሽም። ግን ባዶውን ቦታ በማታውቂው ነገር፣ በውዳሴም ሆነ በጥርጣሬ፣ አትሙዪው። «አልነገረን» ብሎ መጻፍ ክህደት አይደለም፤ እሳቸው የመረጡትን ዝምታ ማክበር ነው። ካራማራን ግን በሙሉ አፍሽ ጥሪው። እሱ ላይ እጅሽ የሚቆምበት ምክንያት የለም። አገር ሲወረር ሄደው ቆመዋል። ወንድምሽም ይህን በጆሮው መስማት አለበት። እንዲያውም ያቺን አንቀጽ እሱ ጽፎ እሱ ያንብባት፤ አንቺ ከበሩ መንኳኳት ጀምረሽ ቀጥዪ። ያን ቀን የሚቆምበትን ቦታ ካገኘ ደጁ ላይ ስለሚሰቀለው ነገር እንደ አሁኑ ሙጭጭ አይልም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያላወቅሽውን ማወቅ ከፈለግሽ ደግሞ ጊዜ አለሽ። የቀድሞ ሠራዊት አባላት የካቲት 26 ሲደርስ ትግላችን ሐውልት ጋ ተሰብስበው የካራማራን ቀን ሲያስቡ ቆይተዋል። መታወቂያውን ይዘሽ ሂጂ። የክፍሉን ስም ከላዩ አንብበሽ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ። አባትሽን በስም የሚያውቅ ባይገኝ እንኳ በዚያ ተራራ ሥር ያደረ ሰው ብርዱ ምን ይመስል እንደነበር፣ ምን በልተው እንደዋሉ ይነግርሻል። ሽማግሌዎቹ እያለቁ ነው፤ ዘንድሮ የሚያወራሽ ለከርሞ ላይኖር ይችላል። ልጆችሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። የፈራሽውን ነገር ብትሰሚስ? ልትሰሚ ትችያለሽ። ከሰማሽ ብቻሽን አትሸከሚው፤ ለባልሽ ወይም ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ፤ ለእኔም ብትጽፊ በደስታ አነባለሁ። አባትሽን መውደድ እንድታቆሚ የሚያስገድድሽ ነገር ይሆናል ብዬ ግን አላስብም።

የዕድሩ ሰው መበተኑ እንዳሳዘነሽም ከደብዳቤሽ ይታወቃል። የሚያውቋቸው ሰዎች ናቸውና ጥሪውን ቀደም አድርገሽ ላኪ። የዕድሩን ጸሐፊ አግኝተሽ የድሮውን የአባላት መዝገብ ለምኚ፤ የስልክ ቁጥር የተቀየረበትን ልጆቹ ያውቃሉ። ከየኮንዶሚኒየሙ ለሚመጡት ሰዎች የመመለሻ መኪና አስቡላቸው፤ አረጋውያን ናቸው፣ ከመሸ ታክሲ ያስቸግራቸዋል። ወርቅ ቤቶቹ ጋ አብረዋቸው ሲጠብቁ የነበሩ ጓደኞቻቸውንም እንዳትረሺ። የጦር ሜዳውን ያላወራ ሰው ሌሊት እሳት ዳር ለባልደረባው አንድ ነገር ሳይል አይቀርም።

እንግዲህ ከሁሉም በፊት እትዬ ጋ መሄድሽ ነው። በመጨረሻ፣ ልትነሺ ስትይ፣ ስለ ምስማሩ ጠይቂያቸው፤ አይተውት ያውቁ እንደሆነ። ያሉሽን ነገር መጻፍ ከፈለግሽ ጻፊልኝ፤ ለራስሽ ልታስቀሪው ከፈለግሽም ይገባኛል።